ባለ ጭረቱ ድንጋይ

በቀይ ቀለም ጻፉ፣ ቁጥር በግድግዳ፤
መንገዱ ሊሰፋ፣ ቁልቁል ከአራዳ።
የእትዬ ይታክቱ፣ ቤት ነው መቶ ሰባት፣
ሁለት ጠባብ ክፍል፣ አንድ በር ያለባት፤
ኪራይዋ ስምንት ብር፣ ከአብዮት ጀምሮ፣
ቆርቆሮው ወንፊት ነው፣ ጭቃው ተቦርቡሮ።

እኔ ግንበኛ ነኝ።
ጠዋት ለቅርስ ጥበቃ፣ ግንብ ስጠግን አረፍዳለሁ፤
ከሰዓት ለማዘጋጃ፣ ቤት ሳፈርስ አመሻለሁ።
መዶሻዬ አንድ ነው፤ ሁለት ጌታ ያዝዘዋል፤
የቱ እጄ እንደሚጸድቅ፣ ነፍስ አባቴም ይቸግረዋል።

አያ ደሴ ነበር፣ ኖራ ያስተማረኝ፣
“ጉድጓድ ውስጥ አጠጣው፣ ዓመት ተወው” ያለኝ።
“ሲሚንቶ ችኩል ነው፣ ዛሬውኑ ይደርቃል፤
ድንጋይ ማስተንፈሱን፣ ኖራ ብቻ ያውቃል።”

ከተማው ያምራል፣ አልዋሽም፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤
ማታ መብራቱ ሲበራ፣ ግንቡ እንደ ሙሽራ ተኩሏል።
ልጄ እዚያ ብስክሌት ለምዶ፣ ጉልበቱ ተልጦ መጣ፤
እየሳቀ ነው የመጣው። በምኑ ልቆጣ?

ማክሰኞ ከሰዓት፣ እስካቫተር መጣ።
የእትዬ ዕቃ ሁሉ፣ ባንድ ጋሪ ወጣ፦
አልጋ፣ ጀሪካን፣ የባሏ ፎቶ፣ የልጇ የተማሪ ወንበር፤
አንዲት ድመት፣ ስም የሌላት፣ ከጋሪው ኋላ ትዞር ነበር።

ጣሪያው ሄደ፣ ጭቃው ሄደ፣
አቧራው እስከ ጃንተከል ወረደ።
ልስኑ ሲራገፍ፣ ከበሩ መቃን ላይ፣
ብቅ አለ ከውስጡ፣ የቤተ መንግሥት ድንጋይ፤
ጠርዙ የተጠረበ፣ ወይን ጠጅ ቀለሙ፣
የፋሲል ግቢ መስኮት፣ የእናት ልጅ ወንድሙ።
ማን እንዳመጣው፣ መቼ፣ የሚያውቅ ሰው የለም፤
ግንብ በፈረሰ ቁጥር፣ ጎጆ ይሠራል ዓለም።

ኢንጂነር አቤኔዘር፣ ፎቶ አነሳውና፣
“ቅርስ ነው፤ ወደ ቦታው ይመለስ” አለ በትሕትና።
እትዬ ይታክቱ፣ በርጩማዋ ላይ ሆና፦

“ድንጋዩ ቅርስ ከሆነ፣ እኔ ምንድን ነኝ ልጄ?
አርባ ሦስት ዓመት ቢላ፣ የሳልኩበት በእጄ፤
እታች ጥጉን እየው እስቲ፣ ጭረቱን። የፋሲካውን ዶሮ ሁሉ፣
የአንዲት ልጄን ሰርግ ሽንኩርት፣ ይቆጥርልሃል በሙሉ።”

ዝም አለ። ፎርሙ ላይ፣ ለድንጋይ ሳጥን አለው፤
ለሷ ግን ሳጥን የለም፣ የት ላይ ምልክት ያርገው?

ለሷ አዘዞ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ለድንጋዩ ግቢው።
ድመቷ የት እንደገባች፣ እስከ ዛሬም አላውቅ።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ፣ በሌላኛው ጌታ፣
ያንኑ ድንጋይ ይዤ፣ ቆምኩ ከመስኮቱ ቦታ።
ፕላኑ የሚለው፣ “ጭረቱን ወደ ውስጥ፤
በኖራ ይሸፈን፣ ለዓይን እንዳይሰጥ።”
ኖራው ዓመት የተኛ፣ እንደ እርጎ ለስልሶ፤
እጄ ግን እምቢ አለ፣ ከትናንት ተወቅሶ።

አዞርኩት።

ቅዳሜ ለት እትዬ፣ ከሰልፉ ላይ ቆመች፤
የገዛ መቃኗን፣ ለማየት ከፈለች።
አስጎብኚው ልጅ ደግሞ፣ በጣቱ እያሳየ፦
“የንጉሥ ዘበኞች፣ ሰይፍ ሲስሉበት የቆየ!”
ፈረንጆቹ ካሜራ ደቀኑ።
እትዬ ነጠላዋን፣ አፏ ላይ አርጋ ሳቀች፤
ቀና ብላ መሰላሌን፣ አየችና ዐወቀች።
“ሽንኩርት ነው” አለች፣ ለኔ ብቻ፣ በከንፈሯ።

አልተነጋገርንም።
ኖራው ገና እርጥብ ነው፤ ለመጽናት ዓመት ይፈጃል።
ከሰዓት ሥራ አለኝ፤ መቶ ስምንት ይጠብቀኛል።